ክፍሉ ሌላ፣ ሳጥኑ ሌላ፦ ሁለት ወንድማማቾችና አምስት ታራንቱላዎች በአንድ መኝታ ክፍል

ታራንቱላ የሚባለውን ትልቅ ፀጉራም ሸረሪት ማሳደግ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ምክር ቁጥር ነው። ይሄኛዋ ሸረሪት 80 ፐርሰንት እርጥበት ትፈልጋለች፣ ያችኛዋ 65 ይበቃታል ይባላል። ሰውየው መለኪያ ይገዛል። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል፣ ይደነግጣል። ከዚያ ክፍሉን በሙሉ ማርጠብ ይጀምራል። በዚያው ክፍል ሌላ ሰው የሚተኛ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የሸረሪት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል።

ከዚህ በታች የምጽፈው እንዲህ ባለ ቤት ገብቼ ያየሁትንና አብረን ያስተካከልነውን ነው። ሥራዬ የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ጥገና ነው። ታራንቱላም አሳድጋለሁ። ወንድማማቾቹ የጠሩኝ ለሁለቱም ነው። ስማቸውን አልጠቅስም፣ ታሪኩ እንዲጻፍ ግን ፈቅደዋል።

ቦታው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ከዴንቨር ጋር የተያያዘች፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ትላለች። ከፍታው ለአዲስ አበባ ልጅ ብርቅ አይደለም፤ ድርቀቱ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ እዚያ 400 እንኳ አይሞላም። ዊንተር ሲገባና ማሞቂያው ሌት ተቀን ሲነፍስ ደግሞ የቤቱ አየር ከውጪውም የባሰ ይደርቃል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀዝቃዛ አየር ውሃ የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሆነ አየር ጠግቦ ቢሞላ እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ የሚይዘው ከ2 ግራም እምብዛም የማይበልጥ ውሃ ነው። ያው አየር ቤት ገብቶ 21 ዲግሪ ሲሞቅ አቅሙ ወደ 18 ግራም ያድጋል። አቅሙ አደገ እንጂ ውሃው አልጨመረም። 2ን ለ18 ስናካፍል 11 ፐርሰንት አካባቢ ይመጣል። እንግዲህ በብርድ ወቅት በር ተከፍቶ በተዘጋ ቁጥር፣ በየስንጥቁም ነፋስ በገባ ቁጥር፣ ቤቱ የሚቀበለው እንዲህ ያለ ደረቅ አየር ነው።

ወንድማማቾቹ የሚኖሩት ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው። ታላቅየው ኤርፖርት ይሠራል። ታናሽየው ኮሌጅ ይማራል። ሁለቱም አንድ ክፍል ነው የሚተኙት። ስደርስ የታናሽየው መደርደሪያ ላይ አምስት ሳጥን ነበር። አንደኛዋ ቴራፎሳ ብሎንዲ ናት፤ ከሰሜናዊ ደቡብ አሜሪካ ጫካ የምትመጣ፣ በክብደት ከዓለም ሸረሪቶች ሁሉ ትልቋ የምትባል ዝርያ፤ ይቺ ግን ገና አላደገችም። ትሊልቶካትል አልቦፒሎሰስ አለች፤ ፀጉሯ የተጠቀለለ፣ የመካከለኛው አሜሪካ ልጅ። ጥቁሯ ግራሞስቶላ ፑልክራ አለች። የዚያው የኮሎራዶ ተወላጅ የሆነች አፎኖፔልማ ሄንትዚም አለች። የዚህች ዝርያ ወንዶች በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሴት ፍለጋ በደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ፣ በላ ሁንታ አካባቢ ባለው የሣር ሜዳ በእግራቸው ይወጣሉ፤ ሰውም እነሱን ለማየት ከሩቅ ይመጣል። አምስተኛዋ የጥፍር ታህል ግልገል ናት። ስድስተኛም ነበረች። ካሪቤና ቨርሲከለር የምትባል፣ የማርቲኒክ ደሴት የዛፍ ላይ ሸረሪት። እሷ እኔ ከመድረሴ በፊት ሞታለች፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ታላቅየው በሩ ላይ የተቀበለኝ «ጋሼ፣ ወይ እነሱ ይውጡ ወይ እኔ ልውጣ» ብሎ ነው። የምር ነበር። ቅሬታውም እውነት ነበረው። ዊንተሩ ሲጀምር ነስር አስቸገረው፣ ጉሮሮው ደረቀ፣ የበር እጀታ በነካ ቁጥር ይነዝረዋል። በኋላ ታናሽየው የእርጥበት ማሽን ገዛ። ነስሩ ቆመ፣ ሳል ጀመረ። ክንዱንና አንገቱን ያሳክከዋል። ጠዋት መስኮቱ አልቦ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል። ቴሌቪዥኑ ላይ በየቀኑ ነጭ ብናኝ ይገኛል። በመጨረሻ መደርደሪያውን ሲጎትቱ ከኋላው፣ ግድግዳው ጥግ ላይ፣ ጥቁር ሻጋታ አገኙ። እሱ ይሄን ሁሉ ከሸረሪቶቹ ነው ያየው። ታናሽየው ደግሞ «ማሽኑን ካጠፋሁ ይሞታሉ» ባይ ነው።

መጀመሪያ መለኪያዎቹን ፈተንኩ። ይሄን ሳያደርግ ስለ እርጥበት የሚከራከር ሰው በባዶ ነው የሚከራከረው። ፈተናው ከወጥ ቤት ዕቃ አያልፍም። የጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው ይደረጋል። ጥቂት ውሃ ጠብ ጠብ ተደርጎበት ወፍራም ጭቃ ይሆናል፤ መሟሟት የለበትም። ክዳኑ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት ይታሸግና ያድራል። በክፍል ሙቀት ከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር 75 ፐርሰንት ላይ ይቆማል። ጨው ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚያቆመው። ሳጥኖቹ ላይ ከተለጠፉት ባለ ቀስት መለኪያዎች አንዱ ጠዋት 61 ይላል። ሌላው 58። ስህተቱ በሁሉም ቁጥር ላይ እኩል ባይሆንም ነገሩ ግልጽ ነው፤ ልጁ «65 ብቻ ነው» ብሎ ውሃ ሲጨምር፣ እውነተኛው ወደ 80 ተጠግቶ ነበር። መለኪያዎቹን ጣልናቸው። ሁለት ዲጂታል ገዝተን ፈተንን። አንዱ አልጋው ራስጌ፣ አንዱ መደርደሪያው አጠገብ ተቀመጠ። ሳጥን ውስጥ ግን አላስገባንም። ለምን እንደሆነ በኋላ ይታያል።

ሌሊቱን ሙሉ ማሽኑ በርቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ክፍሉ 60 ፐርሰንት እያለፈ ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የቤት እርጥበት ከ60 በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 ባለው መካከል ይሁን ይላል። 60 ለብቻው ሲታይ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው ከግድግዳው ጋር ሲገናኝ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መለኪያው የሚናገረው ስለ ክፍሉ መሐል አየር ነው፤ ሻጋታ ደግሞ መሐል ላይ አይበቅልም። የሚበቅለው ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ነው። ጨረር ለኪ በሆነው ቴርሞሜትር ከመደርደሪያው ኋላ ያለውን የውጪ ግድግዳ ጥግ ስለካው 12 ዲግሪ ነው። የመስኮቱ መስታወት የታችኛው ጠርዝ 8 ነው። የአሉሚኒየም ፍሬሙን በዚህ መሣሪያ በቀጥታ መለካት ያሳስታል፤ ብረቱ ያንጸባርቃል። ፕላስተር ለጥፎ ፕላስተሩን መለካት ነው የሚሻለው። አሁን ሂሳቡን እንየው። 21 ዲግሪ ላይ 60 ፐርሰንት ማለት በሜትር ኩብ 11 ግራም ውሃ ነው። 12 ዲግሪ ላይ አየር የሚችለው 10.7 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍሉ መሐል «60» የሚባለው አየር ያ ጥግ ሲደርስ መቶ አልፎ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ክፍሉ 40 ቢሆን ውሃው 7.3 ግራም ነው፤ ጥጉ ላይ ሲደርስ 68 ፐርሰንት አካባቢ ይሆናል። ሻጋታ በደንብ የሚነሳው ግድግዳው ላይ ያለው አየር 80 ሲጠጋ ነው፤ ጤዛ እስኪታይ አይጠብቅም። በ40 እና በ60 መካከል ያለው ልዩነት ያንን ጥግ ከደረቅ ወደ እርጥብ የሚያሻግር ነው። መደርደሪያው ደግሞ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ሞቃት አየር ወደ ጥጉ እንዳይደርስ ከልክሎ ነበር።

ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ታላቅየው ጣቱን ወደ ሳጥኖቹ ቀሰረ። በግምት ከመከራከር መመዘን ይሻላል። አምስቱንም ሳጥኖች በወጥ ቤት ሚዛን መዘንናቸው። ከሳምንት በኋላ፣ ውሃ ሳይጨመር፣ እንደገና መዘንናቸው። አምስቱ አንድ ላይ ያጡት ውሃ አንድ ብርጭቆ አይሞላም። አንድ ሰው ተኝቶ በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት ወደ 40 ግራም ውሃ ያወጣል። ሁለት ሰው፣ ስምንት ሰዓት፣ ከ600 ግራም በላይ። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ብቻ ሸረሪቶቹ በሳምንት ከሚያወጡት ከእጥፍ በላይ ያወጣሉ ማለት ነው። ታላቅየው ይሄን ሲሰማ ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ ሳጥኖቹን መክሰስ ተወ።

ማሽኑ ግን ሌላ ነው። 3 ሊትር ይይዛል፤ ማታ ይሞላል፣ ጠዋት ባዶ ነው። ክፍሉ 30 ሜትር ኩብ አይሞላም። ከ20 ፐርሰንት ወደ 45 ለማድረስ አየሩ የሚፈልገው 140 ግራም የማይሞላ ውሃ ነው። አየሩ እየተለዋወጠ ስለሚደርቅ ሌሊቱን መተካት ያስፈልጋል፤ ቢሆንም 3 ሊትር በጣም ብዙ ነው። የተረፈው መስኮቱ ላይ፣ ግድግዳው ውስጥ፣ ፍራሹ ውስጥ ገባ። በሩን መዝጋታቸውም አባባሰው። በሩ ክፍት በነበረ ጊዜ ማሞቂያው አየሩን ከሳሎኑ ጋር ያደባልቀው ነበር፤ ልጁ እርጥበቱ እንዳያመልጥበት ብሎ ነው የዘጋው።

ማሽኑ ውሃውን በንዝረት ወደ ጉም የሚለውጥ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ማሽን ከቧንቧ ውሃ ጋር ማዕድኑንም ጭምር አየር ላይ ይበትናል። ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረው ነጭ ብናኝ እሱ ነው። ሰው ይተነፍሰዋል። ማዕድን የሌለበት ዲስቲልድ ውሃ ቢጠቀሙ ይቀር ነበር፤ በየሌሊቱ 3 ሊትር መግዛት ግን ማን ይችላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቁጥሩ በየመለኪያው ላይ ዘሎ ይወጣል። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው። ምጣዱ ለሰዓታት እየተነፈሰ፣ ከጎኑ ሽሮ ወይም ቁሌት እየፈላ፣ አፓርታማው በእንፋሎት ይሞላል። ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ ይጮኻል እንጂ ወደ ውጪ አያወጣም፤ ዘይቱን አጥልሎ አየሩን መልሶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ይለቀዋል። በአሜሪካ አፓርታማዎች ይሄ የተለመደ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ ግን በትክክል ወደ ውጪ ይስባል፤ አንድ ቅጠል ሶፍት ጠጋ ስናደርግበት ሳበና ያዘው። ስለዚህ በጋገራ ቀን እሱ ይብራ፣ የመኝታው በር ይዘጋ፣ የወጥ ቤቱ መስኮት ትንሽ ይከፈት ተባለ። የታጠበ ልብስም መኝታ ክፍል ውስጥ መስጣት ቀረ። በማሽን ተጨምቆ የወጣ አንድ ዙር ልብስ እስከ 2 ሊትር ውሃ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ወደ ሸረሪቶቹ። የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው።

ታራንቱላ አራት ሳንባ አላት፣ ሆዷ ሥር፣ ስስ ቅጠሎች የተደራረቡበት። ውሃ የምታጣው በእነሱና በቆዳዋ ነው። ቆዳዋ ላይ ያለው ሰም መሰል ሽፋን ብዙውን ይይዝላታል። ያጣችውን የምትተካው በመጠጣትና ከምትበላው ነው። ከአየር ላይ እርጥበት መጥጣ አትኖርም። በተፈጥሮ ብዙዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ላዩ ደርቆ ቢሰነጠቅ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ግን አፈሩ ያረጠበው አየር ይቆያል። ያ «80 ፐርሰንት» የሚባል ቁጥር ከሸረሪቷ ጉድጓድ የተለካ ሳይሆን ከአገሩ የአየር ጠባይ ሰንጠረዥ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። የማርቲኒክ አየር እርጥብ ነው፤ ነፋስ ግን አለው። የታሸገ ሳጥን ውስጥ ያለ 80 ፐርሰንት ሌላ ነገር ነው።

ካሪቤናዋን የገደላት ይህ ይመስለኛል። ስትሞት አልነበርኩም፣ ሳጥኗን ግን አየሁት። ቀዳዳ ያለው ክዳኑ ላይ ብቻ ነው፤ ልጁ እሱንም እርጥበት እንዳይወጣ በፕላስቲክ ሸፍኖታል። በየቀኑ ይረጭላት ነበር። የዛፍ ላይ ሸረሪት ናት፣ ድሯን ከፍ አድርጋ ሠርታ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ነው የምትኖረው። ታሽጎ የረጠበ፣ የማይንቀሳቀስ አየር ለዚህ ዝርያ አደገኛ እንደሆነ አሳዳጊዎች በተደጋጋሚ አይተዋል። ልጁ የሰነፈ አልነበረም። ከሌላው የበለጠ ነበር የተንከባከባት፣ ያነበበውንም አንድ በአንድ ነበር የፈጸመው። የተሳሳተው ያነበበው ጽሑፍ ነው። ይሄን ደጋግሜ ነገርኩት፤ በራሱ ላይ ሲፈርድ ስላየሁት።

ስለዚህ ሁለቱን ነገር ለያየናቸው። ክፍሉ ለሰው ይሁን፤ ሳጥኑ ለሸረሪት። የክፍሉ መድረቅ ሳጥኑን ቶሎ ያደርቀዋል እንጂ ሸረሪቷን በቀጥታ አይገድላትም። ሳጥኑ ቶሎ ከደረቀ ደግሞ መልሱ አፈሩ ላይ ነው ያለው።

ለብሎንዲዋ ጥልቅ አፈር አደረግንላት፤ የኮኮናት ቃጫና ማዳበሪያ ያልገባበት አፈር ተደባልቆ። ውሃውን ከላይ አንረጭም። በአንድ ጥግ ቀስ ብሎ ወደ ታች እንዲወርድ ይፈሳል። የታችኛው ንብርብር ይረጥባል፣ ላዩ ደረቅ ይላል። እሷ ራሷ ቆፍራ የምትፈልገውን ትመርጣለች። ላዩ ሁልጊዜ የጨቀየ ከሆነ ሻጋታና ጥቃቅን ተባይ ይመጣል። ሻጋታውን የሚበሉ ነጫጭ ጥቃቅን ነፍሳትም ጨመርንባት፤ ሸረሪቷን አይነኩም። አየር ማስገቢያው በሁለት ተቃራኒ ጎን ሆነ፣ አየሩ ከአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። አልቦፒሎሰሷ ትንሽ ቀለል ያለ እርጥበት፣ በአንድ ወገን ብቻ። ፑልክራዋና የኮሎራዶዋ ሄንትዚ ደረቅ አፈርና ሁልጊዜ የሞላ የውሃ ሳህን፤ ሌላ ምንም። ግልገሏ ለየት ትላለች። ትንንሾቹ ውሃ ቶሎ ያጣሉ፣ ዕቃቸውም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። የእሷ አፈር ግማሹ ምንጊዜም እርጥብ ይሁን ተባለ።

ሳጥን ውስጥ መለኪያ ያላስገባሁት ለዚህ ነው። ቁጥሩ አፈሩ ሥር ያለውን አይነግርም፣ ልጁን ግን መልሶ ቁጥር ማሳደድ ውስጥ ይከተዋል። በምትኩ ሚዛን ይጠቀማል። ሳጥኑ በደንብ በረጠበበት ቀን የነበረው ክብደት ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ስንት ግራም እንደቀነሰ አይቶ ያን ያህል ውሃ ይጨምራል። ከዚያም እንስሳዋን ያያል። ሆዷ ሞላ ያለ ከሆነ ደህና ናት። ሆዷ ተጨማዶ ካነሰ፣ ወይም የውሃ ሳህኑ ላይ ተኝታ ከዋለች፣ ጠምቷታል። ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላ አፈሩን አልረግጥም ካለች፣ አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ከልክ በላይ ርሶባታል።

አንድ ነገር ለታላቅየውም ማስረዳት ነበረብኝ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን አልቦፒሎሰሷ ጀርባዋ ላይ ተገልብጣ አይቷት፣ ሞታለች ብሎ ሊጥላት ከረጢት አምጥቶ ነበር። ወንድሙ ደርሶ ነው የተረፈችው። ታራንቱላ ቆዳ ስትቀይር በጀርባዋ ትተኛለች። ሰዓታት ይወስዳል። መንካትም መርጨትም አያስፈልግም። የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው፤ በሆዷ በኩል እንደቆመች እግሮቿ በሙሉ ወደ ውስጥ ታጥፈው ሲሰበሰቡ። ታራንቱላ እግሯን የምትዘረጋው በውስጧ ባለው ፈሳሽ ግፊት ነው፤ ውሃ ሲያንሳት ግፊቱ ይወርዳል፣ እግሮቿ ይታጠፋሉ። ያኔ ቶሎ ውሃ ማድረስ ነው።

ማሳከኩ ደግሞ የሻጋታ አልነበረም። አምስቱም ሸረሪቶች ከአሜሪካ አህጉሮች ናቸው፤ ሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ፀጉር አለ፣ ሲበሳጩ በኋላ እግራቸው ይበትኑታል። የቴራፎሳ ፀጉር ከሁሉም ይከፋል። መደርደሪያው ከማሞቂያው አየር ማስገቢያ ፊት ለፊት ነበር፤ ሳጥን ሲከፈት ነፋሱ ፀጉሩን ወደ አልጋው ይወስደዋል። ልጁም አሮጌውን አፈር መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ደረቁን፣ ነበር የሚገለብጠው። አሁን አፈር የሚቀየረው በረንዳ ላይ፣ ትንሽ ተረጥቦ፣ በጓንትና በጭምብል ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ነገሩ ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል፤ ስለዚህ መነጽርም ጨመርንበት።

ሻጋታውን ከማጽዳታችን በፊት ሳጥኖቹን ሳሎን አወጣን። ቦታው ከአንድ ሜትር ካሬ በታች ስለነበረ ራሳችን በሳሙናና በውሃ አጠብነው፣ አደረቅነው። ከሥሩ የለሰለሰችውን ትንሽ የግድግዳ ቁራጭ የሕንፃው ጥገና ሠራተኞች ቆርጠው ቀየሩ። ታላቅየው የነፍሳት መርጫ ገዝቶ «በዚያው ተባዩንም» ብሎ ነበር። ከለከልኩት። በረሮ የሚገድል መርጫ ሸረሪትም ይገድላል፣ ግድግዳና ጨርቅ ላይ የሚቀረውም ቢሆን ያሰጋል። የሕንፃው አስተዳደርም ለፀረ ተባይ ርጭት ሲመጣ ቀድሞ እንዲያሳውቃቸው በጽሑፍ ጠየቁ። ዕጣንም ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ ቡናው ሳሎን ሆነ፤ ይሄ ለሳሉም ጠቅሟል ብዬ አስባለሁ።

መደርደሪያው ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ዞረ፣ ከማሞቂያው ነፋስ ራቅ ብሎ። የውጪው ግድግዳ ጥግ ባዶ ቀረ፣ አየር ይነካዋል። ጉም የሚተፋው ማሽን ተሸጠ። በምትኩ ውሃን በወፍራም ማጣሪያ ላይ በማራገብ የሚያተን ዓይነት ተገዛ፤ ማዕድኑ ማጣሪያው ላይ ይቀራል፣ ልኩም ሲሞላ ራሱ ይቆማል። 40 ላይ ተደረገ። ውጪው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲቀዘቅዝ ወደ 30 ይወርዳል፤ መስታወቱ ከዚያ በላይ አይችልም። ማታ የመኝታው በር ክፍት ነው። ጋኑ በየሳምንቱ ይታጠባል፣ ማጣሪያው አምራቹ ባለው ጊዜ ይቀየራል። ካልታጠበ ማሽኑ ራሱ የጀርም ቤት ይሆናል፤ ሰዉ ብዙ ጊዜ የሚተወው ይሄንኑ ነው።

የታላቅየው ነስር በ40 ፐርሰንት አልተመለሰም። በጣም በሚቀዘቅዝበትና ልኩ 30 በሚሆንበት ሌሊት ሐኪሙ ያዘዘለትን የጨው ውሃ አፍንጫው ውስጥ ይረጫል። ሳሉ ቀስ እያለ ተወው። ብናኙ ቆመ። ጥጉን በየጊዜው በባትሪ እናየዋለን፤ ደረቅ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የከሰዓት ዝናብ ሲመጣ ክፍሉ ያለ ማሽን ከ40 በላይ ይደርሳል፤ ያኔ ማሽኑ ታጥቦ፣ ደርቆ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ የሳጥኖቹም ውሃ ይቀንሳል።

ያልተፈታ ነገርም አለ። የመስኮቱ አሉሚኒየም ፍሬም በጣም በሚቀዘቅዝበት ሌሊት አሁንም ከሥሩ ያልባል፤ ጠዋት በጨርቅ ይጠርጉታል። ፍሬሙ ራሱ ካልተቀየረ ይሄ አይለቅም፣ ያ ደግሞ የአከራዩ ሥራ ነው። ብሎንዲዋ በበኩሏ በዚያው አፈር ውስጥ ያለ ችግር ቆዳዋን ቀይራ አድጋለች፣ ሳጥኑ ጠቧታል። ትልቁ ሳጥን ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን ምን ያህል ውሃ እንደሚፈስበት፣ ከዚያም በየሳምንቱ ስንት ግራም እንደሚያጣ ልጁ እንደገና መዝኖ ክዳኑ ላይ ይጽፋል። ሚዛኑን የገዛለት ታላቅ ወንድሙ ነው።